ቤታችንን ያከራከረው የሦስት ደቂቃ ተኩል ሙዚቃ

ሦስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ብቻ የሚፈጅ፣ ግጥም የሌለው፣ ከበሮ የማይመታበት፣ መለከት የማይነፋበት ሙዚቃ አንድን ቤተሰብ ወራት ሙሉ ያከራክራል ብትሉኝ ኖሮ አላምናችሁም ነበር። ሙዚቃው «ስታርበርስት» ይባላል። ስሙ ከሥነ ፈለክ የተወሰደ ነው፤ በአንድ ጋላክሲ ውስጥ እጅግ ብዙ አዳዲስ ከዋክብት በጥድፊያ ሲወለዱና የጋላክሲውን መልክ እስከ መለወጥ ሲደርሱ የሚሰጠው ስያሜ ነው። ደራሲዋ ጄሲ ሞንትጎመሪ የኒውዮርክ ልጅ ናት። ሙዚቃው ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት የቀረበው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2012 ማያሚ ቢች ከተማ ውስጥ ሲሆን፣ ያኔ ዕድሜዋ ሠላሳ ነበር። ሠላሳ ዓመት ለእግር ኳስ ተጫዋች ጫማ የመስቀያው ጊዜ መቃረቢያ ነው፤ በዚህ ዓይነቱ ሙዚቃ ግን የሠላሳ ዓመት ደራሲ ገና ልጅ ነው የሚባለው።

ክርክሩ የተነሳው በታናሽ ወንድሜ ቤት፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። እናታችን እዚያ ከሄደች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው። እሷን ለማየት ባለፈው ክረምታቸው (የእኛ በጋ መሆኑ ነው) ሄጄ ሦስት ወር ተኩል ተቀመጥኩ። ወንድሜና ባለቤቱ ሦስት ልጆች አሏቸው። ነገሩ የመጣው በትልቋ ነው።

ልጅቱ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ አሥረኛ ክፍል። በብዙ የአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልጆች አራተኛ ወይም አምስተኛ ክፍል ሲደርሱ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ መምረጥ ይችላሉ። ወላጅ መሣሪያውን ከሱቅ በወር ኪራይ ይወስዳል፤ ልጁ ባደገ ቁጥር ከፍ ባለ ይቀየርለታል፣ ልክ እንደ ጫማ። የወንድሜ ልጅ ያን ጊዜ የመረጠችው ቪዮላ ነው። ለምን ቫዮሊን እንዳልሆነ ስጠይቃት፣ «ቫዮሊን ጋ ሰልፉ ረጅም ነበር» አለችኝ።

ቪዮላን ለማታውቁት፣ ቫዮሊን ይመስላል፤ ግን ገዘፍ፣ ድምፁም ወፈር ያለ ነው። «ስታርበርስት»ን የሚጫወተው ባለ ክር መሣሪያዎች ብቻ ያሉበት ኦርኬስትራ አምስት ወገን አለው፦ አንደኛ ቫዮሊኖች፣ ሁለተኛ ቫዮሊኖች፣ ቪዮላዎች፣ ቼሎዎችና ሰው የሚያህሉት ደብል ቤዞች። ነፋሽ የለም። ሁሉም ከእንጨት፣ ከክርና ከደጋኑ የፈረስ ጭራ የሚወጣ ድምፅ ነው፤ ማሲንቋችን የሚናገርበት ያው የፈረስ ጭራ። ዜማው አብዛኛውን ጊዜ የአንደኛ ቫዮሊኖች ነው። በሠርግ ቤት ቋንቋ እነሱ አውራጆች፣ ቪዮላዎች ተቀባዮች ናቸው። ተቀባይ የሌለው ዘፈን ምን እንደሚመስል ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ይሁንና ቪዲዮ አንሺው ካሜራውን የሚያዞረው አውራጁ ላይ ነው።

ልጅቱ ከትምህርት ቤት ውጭ በአንድ የወጣቶች ኦርኬስትራም ትጫወታለች። ልምምዱ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ጠዋት ደግሞ የሒሳብ ማጠናከሪያ አለባት። ሁለቱ ለዓመታት ተስማምተው ኖረዋል። ዘንድሮ ኦርኬስትራው «ስታርበርስት»ን አነሳ፤ ሙዚቃው ከባድ ስለሆነ ቪዮላዎች ለብቻቸው ቅዳሜ ጠዋት ተጨማሪ ልምምድ እንዲኖራቸው ተወሰነ። ሒሳብና ቪዮላ አንድ ሰዓት ላይ ተገናኙ።

«እትዬ፣ እኔ ሙዚቃ ጠልቼ አይደለም» አለኝ ወንድሜ፣ አንድ ማታ ሁሉም ከተኙ በኋላ። «ግን ይቺ ልጅ የቀራት ሁለት ዓመት ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባት ሒሳብ ነው ወይስ ይሄ?»

ፈርዳችሁ አትፍረዱበት። እዚያ አገር ሲገባ አንድ ሻንጣ ነበረችው። ሌሊት ፓርኪንግ እየሠራ፣ ቀን እየተማረ፣ በመኪና ውስጥ እየተኛ ነው ዛሬ በሆስፒታል ላቦራቶሪ የሚሠራው። ባለቤቱ ነርስ ናት፤ አንዳቸው ሲገቡ አንዳቸው ይወጣሉ። እንዲህ ያለ ሰው የልጁን ቅዳሜ ጠዋት በደቂቃ ቢቆጥር አይገርምም። ሌላም ነገር አለ። በልጅነታችን ቤት «አዝማሪ» የሚለው ቃል የሚወጣው ለስድብ ነበር። ይኸው ወንድሜ ሰባተኛ ክፍል ሳለ ከጓደኛው ክራር ተውሶ መጣ። አባታችን አልመታውም፣ አልጮኸበትምም፤ በማግሥቱ ጠዋት «ይሄን ባለቤቱ ይፈልገዋል» ብሎ ክራሩን አንስቶ ሰጠው። ከዚያ ወዲህ በእኛ ቤት ስለ ክራር ተነስቶ አያውቅም። ያ ዘመን፣ በኢስትማን ሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማሩት አሸናፊ ከበደ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆነው፣ ስለ እረኛና ስለ ዋሽንቱ ለኦርኬስትራ ከደረሱ በኋላ ያለ ዘመን ነው። ሙዚቃ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የሚማሩት ነገር መሆኑ በአገሩ ቢታወቅም እኛ ግቢ ድረስ አልመጣም ነበር።

ልጅቱ ማታ ማታ ክፍሏን ዘግታ ትለማመዳለች። የአንድን ተቀባይ ድምፅ ለብቻው ስትሰሙት ምንም አይመስልም፤ ቁርጥራጭ ነው። ፈጠን ያለች አጭር ነገር ትመጣለች፣ ትቆማለች፣ እንደገና ትመጣለች። እናታችን መቁጠሪያዋን እንደያዘች ወደ በሩ ታይና፣ «ምነው ሸክላው ተሰነጠቀ እንዴ? ያንኑ ነው የምትደጋግመው» ትላለች። መርፌ አንድ ቦታ ላይ የተያዘበትን የድሮ ሸክላ የምታስታውሱ አያቶች ነገሩ ይገባችኋል። ሙሉውን የሰማሁት ልጅቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው የሞንትጎመሪ አልበም ላይ ስታሰማኝ ነው። ያ ቁርጥራጭ ቦታ ቦታውን ይዞ ሳገኘው ተገረምኩ። ድምፁ በድንገት ይፈነዳል፣ ወዲያው ቀለሙ ይለወጣል፤ መሀል ላይ ለስለስ ያለች ዜማ ብቅ ትልና ሳትጠግቧት ሌላው ፍንዳታ ይደርስባታል። ደጋኑም ጣቱም ሥራ አይፈታም። ሲያልቅ ሰው ደረጃ ሮጦ እንደወጣ ሆኖ ነው የሚቀረው።

ከዚያ በኋላ ይህች ደራሲ ማን ናት ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ወሬ ፈልጎ ማግኘት ሥራዬ ስለሆነም ነው፤ ለወንድሜ ማስረጃ ለማቅረብም ጭምር ነበር፣ አልደብቃችሁም።

ጄሲ ሞንትጎመሪ እ.ኤ.አ. በ1981 ተወልዳ ሎወር ኢስት ሳይድ በሚባለው የማንሃተን ሰፈር አደገች። አባቷ ሙዚቀኛ ነው። እናቷ ሮቢ ማኮሊ የቴአትር ሰው ነበረች፤ ጸሐፊም ተዋናይም። ወላጆቿ በሰፈሩ ወደሚደረገው ሰላማዊ ሰልፍ፣ ትርኢትና ግብዣ ሁሉ ይዘዋት ይሄዱ ነበር። ቫዮሊን የጀመረችው በአራት ዓመቷ፣ «ሠርድ ስትሪት» በተባለው የሰፈሩ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው። ስሙ «ሦስተኛ መንገድ» ማለት ነው፤ ትምህርት ቤቱ ግን ከ1974 ጀምሮ ያለው አሥራ አንደኛ መንገድ ላይ ነው። (እኛስ ዛፉ ከተቆረጠ ስንት ዘመኑ፣ ዛሬም «ዋርካው ጋ» ብለን የምንቀጥረው ስንት ቦታ አለን?) ትምህርት ቤቱ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1894 ሲሆን፣ የተመሠረተበትም ምክንያት ከአውሮፓ በመርከብ ለሚጎርፉት ድሆች ስደተኞች ልጆች ሙዚቃ ለማስተማር ነበር። ይህን ለወንድሜ ሳነብለት ቀና አለ። የስደተኛ ልጅ ሙዚቃ መማር ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊትም በዚያች አገር የሰው ጥያቄ እንደነበር አላሰበውም። «እነሱም አባቶቻቸው እንደኔ ይጨቃጨቁ ነበር ማለት ነው» አለ።

ሞንትጎመሪ በታዋቂው ጁሊያርድ በቫዮሊን ተመርቃለች፤ ደራሲ ልሆን ብላ አልነበረም የገባችው። ከዚያ ፕሮቪደንስ በምትባል ከተማ በሚገኝ ኳርቴት ውስጥ አምስት ዓመት ተጫወተች። ኳርቴቱ መኖሪያውን ያደረገው «ኮሚዩኒቲ ሚዩዚክዎርክስ» በተባለ፣ አቅም የሌላቸውን ሰፈሮች ልጆች ሙዚቃ በሚያስተምር ድርጅት ውስጥ ነበር። «ስትረም» የተባለው ሥራዋ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2006 የተጻፈው ለእነዚሁ የሥራ ባልደረቦቿ ነው። ርእሱ ጊታርን በጣት መግረፍ ማለት ነው፤ ቫዮሊንና ቼሎውን ጎናቸው ላይ አስደግፈው እንደ ጊታር የሚገርፉ ያህል የሚሰማበት ቦታ አለው። ክራር በግርፍም በድርድርም እንደሚመታ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይሄ እንግዳ አይሆንበትም። ለፊልም ሙዚቃ መድረስን በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተምራ ያጠናቀቀችው «ስታርበርስት» በቀረበበት በዚያው በ2012 ነው።

«ስታርበርስት»ን ያዘዛት ስፊንክስ የተባለ ድርጅት ነው። ድርጅቱን እ.ኤ.አ. በ1997 የመሠረተው ኤረን ድዎርኪን የሚባል፣ ያኔ ገና የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረ ጥቁር ቫዮሊን ተጫዋች ነው። በኮንሰርት አዳራሹ መድረክ ላይ እሱን የሚመስል ሰው ማጣት አሳስቦት ነው የጀመረው። ድርጅቱ ባለ ክር መሣሪያ የሚጫወቱ ጥቁርና ላቲኖ ወጣቶችን ያወዳድራል፣ ያሠለጥናል፤ ሞንትጎመሪም በልጅነቷ ተወዳድራ ተሸልማበታለች። ከተወዳዳሪዎቹ ምርጦቹ ተሰባስበው «ስፊንክስ ቨርቹኦዚ» የሚባል ትንሽ ኦርኬስትራ ሠርተዋል። የሚጫወቱት ያለ መሪ ነው። ፊት ለፊት ቆሞ በትር የሚያወዛውዝ ሰው የለም፤ እርስ በርስ እየተያዩ፣ ትንፋሽ እየተቀባበሉ ይጀምራሉ፣ ይጨርሳሉ። ሞንትጎመሪ ሙዚቃውን የጻፈችው የእነሱን አኳኋን ልቧ ውስጥ ይዛ እንደሆነ ተናግራለች። ብዙ ወጣት ከዋክብት በአንድ ጊዜ ብቅ ብለው የጋላክሲውን መልክ የሚለውጡበት ነገር ለምን ርእስ እንደሆነ የገባኝ ይህን ሳውቅ ነው። ለጓደኞቿ የጻፈችው ነው። የእያንዳንዱን ወገን ጉልበት ታውቀዋለች፤ ለዚህም ይመስለኛል ቪዮላዎቹ ዝም ብለው እንጨት የሚያቀብሉበት ገጽ የሌለው።

ይህን ሁሉ ለወንድሜ ሳወራ አንድ ቁጥር ጨመርኩለት። የአሜሪካ ኦርኬስትራዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ባሰባሰበው መረጃ መሠረት በአገሪቱ ኦርኬስትራዎች ውስጥ ከነበሩት ተጫዋቾች ጥቁሮቹ 1.8 በመቶ ብቻ ነበሩ። እኔ ያመጣሁት የስፊንክስን ሥራ ትልቅነት ለማሳየት ነው። እሱ ግን ጠረጴዛውን መታ። «አየሽ! ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም። ታዲያ ልጄን ወደዚህ ልንዳት? ሒሳብ ማለት ይሄ ነው፣ እትዬ!»

መልስ አጣሁ። እውነቱን ነው። ሞንትጎመሪ ከ2021 እስከ 2024 የቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ነዋሪ ደራሲ ሆና መሥራቷን፣ «ራውንድስ» ለተባለው የፒያኖና የባለ ክር ኦርኬስትራ ሥራዋ በ2024 ግራሚ መሸለሟን ብነግረውም፣ «እሷ አንዷ ናት» አለኝ። ይሄም እውነት ነው።

ሙዚቃ የተማረ ልጅ በሒሳብ ይጎብዛል የሚሉ ሰዎች አሉ። የወንድሜ ባለቤትም ባሏን ለማለሳለስ ይህን ሞክራለች። እኔ በዚህ መንገድ ልጅን መከራከሪያ ማድረግ አልወድም። የሒሳብ ማጎበዣው ሒሳብ ነው። ሙዚቃን በሌላ ትምህርት ጥላ ሥር ካስገባነው ውጤቱ አንድ ጊዜ የወረደ ዕለት መሣሪያው ቁም ሣጥን ውስጥ ይገባል።

ልጅቱ ራሷ ያለችው ሌላ ነው። እሑድ ምሳ ላይ ነገሩ እንደገና ተነሳ። አባቷ፣ «ሙዚቀኛ ልትሆኚ ነው?» አላት።

«አይደለም፣ አባዬ። እንደዛ ብዬ አላውቅም።»

«ታዲያ አንድ ቅዳሜ ብትቀሪ ምን ይሆናል? ስምንት ቪዮላ አይደላችሁ?»

«እኔ ከቀረሁ ገጹን ማን ይገልጣል?»

አልገባንም። ምግቡን ትታ አስረዳችን። ኦርኬስትራ ውስጥ ሁለት ሁለት ተጫዋቾች አንድ የኖታ ማስቀመጫ ይጋራሉ። ገጽ ሲያልቅ በውስጥ በኩል የተቀመጠው ለአፍታ መጫወቱን ያቆማል፣ ቅጠሉን ይገልጣል፣ ወዲያው ይገባል። ሌላው ሳያቋርጥ ይቀጥላል። በውስጥ በኩል የምትቀመጠው እሷ ናት። ዘግይታ ከገለጠች አጠገቧ ያለችው ልጅ ትጠፋለች፤ ቸኩላ ከገለጠች የመጨረሻው መስመር ይሸፈናል። «ስታርበርስት» ደግሞ ይሮጣል።

«ታዲያ የምትሄጂው ገጽ ለመግለጥ ነው?» አለ አባቷ። አሹፎባት ነበር፤ እሷ ግን ምንም ሳትስቅ «አዎ» አለችው። እናታችን ጉርሻ ሠርታ ያዘችና፣ «ተዋት፤ በቅዳሴም ቢሆን መጽሐፉን የሚገልጠው ዲያቆን ቀላል አይደለም» አለች። በዚያ ቀን ክርክሩ እዚያ ላይ ቆመ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጅቱን ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። የአንድ ትምህርት ቤት ክፍል ነው፤ ስምንት ልጆች፣ አንዲት አስተማሪ። ከስምንቱ የቪየትናም፣ የኤልሳልቫዶር፣ የናይጄሪያ ልጆች አሉ። መጀመሪያ መሣሪያቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው በእጃቸው አጨበጨቡት፣ ምቱን ብቻ። ቀጥሎ በአፋቸው ዘመሩት። ከዚያ በግማሽ ፍጥነት። አንድ መስመር ላይ ሃያ ደቂቃ ቆዩ። እናታችን «ሸክላው ተሰነጠቀ» ያለችው ያችው መስመር መሆኗን ለየኋት።

አስተማሪዋ በመጨረሻ አንድ ነገር አደረገች። ከፊታቸው ተነስታ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠችና፣ እኔ የለሁም፣ ራሳችሁ ጀምሩ አለቻቸው፤ ሙዚቃው መጀመሪያ የተጻፈላቸው ሰዎች እንደሚጫወቱት ያለ መሪ። ልጆቹ ተያዩ። አንዱ ቀደመ፣ ሁለቱ ዘገዩ፣ ሳቁ። ሁለተኛውም ሦስተኛውም ፈረሰ። መቁጠር ነው ብለው ሞከሩ፤ አልሆነም። ሰባተኛው ላይ ከፊት ያለችው ልጅ አየር ሳበች፣ ስምንቱም አብረው ሳቡ፣ ደጋኖቹም አብረው ወረዱ። ድምፅ ከመውጣቱ በፊት ያለችውን ያችን የአየር መሳብ ከክፍሉ ጥግ ሰማኋት። የወንድሜ ልጅ ፊቷ የሚለው ነገር ነበረው፤ ቤት ውስጥ አይቼው የማላውቀው ዓይነት ፊት ነው። ስልክ ስትነካካም፣ ስታጠናም፣ ከእናቶቿ ዘመዶች ጋር ተቀምጣ ጥያቄ በአማርኛ ሲጠየቅ በእንግሊዝኛ ስትመልስም የማታሳየው። እዚያ ቦታ ላይ ቋንቋዋ አልተሰበረም።

ኮንሰርቱ በመጋቢት አንድ እሑድ ከሰዓት ነበር። ወንድሜ ፈረቃ ቀይሮ መጣ። እናታችን ነጠላዋን ጥላ መሀል ተቀመጠች፤ አጠገባችን ያሉት ፈረንጆች ለእሷ ቦታ ለማስፋት ሲሽቀዳደሙ አየሁ። መጀመሪያ የቀረበው የቤንጃሚን ብሪትን «ሲምፕል ሲምፎኒ» ነው። እሱም የወጣት ሥራ ነው፤ ብሪትን እ.ኤ.አ. በ1934፣ በሃያ ዓመቱ፣ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ዓመቱ የጻፋቸውን ዜማዎች አውጥቶ አዲስ ልብስ ያለበሰበት፣ ልጅ ሳለ ቪዮላ ላስተማረችው ሴት መታሰቢያ ያደረገው። (የልጆቻችሁን አሮጌ ደብተር ከመጣላችሁ በፊት አንድ ጊዜ ግለጡት።) ሁለተኛው ክፍሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ደጋን አይነካውም፣ በጣት ብቻ ነው። እናታችን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ይሄማ ክራር ነው» አለች። ወንድሜ ሰምቷታል። ዞር አላለም።

ከዚያ «ስታርበርስት» መጣ። ክፍል ውስጥ ለብቻው የሰማሁት የቪዮላዎቹ ነገር አሁን በቫዮሊኖቹና በቼሎዎቹ መሀል ገብቶ፣ ብድግ ሲል ሁሉንም ብድግ ያደርጋል። ለስለስ ያለችው ዜማ ስትመጣ አዳራሹ ማሳሉን አቆመ። እኔ ግን ያየሁት ወንድሜን ነው። ልጁን ብቻ ነበር የሚያየው። መሀል ላይ ደጋኗን ወደ ታች አደረገች፣ እጇ ብድግ አለ፣ ቅጠሉ ተገለበጠ፣ ደጋኑ ተመለሰ። አጠገቧ ያለችው ልጅ አንድም ኖታ አልሳተችም። ጠቅላላው አንድ ሰከንድ ቢሆን ነው። ወንድሜ ይዞት የኖረውን ትንፋሽ ሲለቅ ትከሻው ወረደ። መኪና ጀርባ መልሶ ጠባብ ቦታ ላይ ያቆመ ሰው ይመስል ነበር።

አለቀ። ጭብጨባው ሲጀምር እናታችን ግራ ገባት። «ይኸው ነው? ለዚህ ነው ሦስት ወር ሙሉ የፈተጓት?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ትንሽ አሰበችና፣ «የሠርግ ዳቦም እኮ ሌሊቱን ሙሉ ተለፍቶበት በአንድ ጉርሻ ያልቃል» ብላ እሷም ማጨብጨብ ጀመረች።

መኪና ውስጥ ማንም ስለ ቅዳሜ አላነሳም። ወንድሜ ብቻ፣ «ያቺ ገጽ የምትገልጪላት ልጅ ማን ትባላለች?» ብሎ ጠየቃት። ስሟን ነገረችው። የት ትምህርት ቤት እንደምትማር፣ ወላጆቿ ምን እንደሚሠሩ፣ በምን እንደምትመጣ ጠየቃት። አምስት ዓመት ሙሉ የኪራዩን ሲከፍል ስለዚህ ነገር የጠየቃት የመጀመሪያው ጥያቄ መሆኑን የነገረችኝ በኋላ ባለቤቱ ናት።

እኔ ከመመለሴ በፊት አንድ ስምምነት ላይ ደረሱ። ሒሳቡ ወደ ረቡዕ ማታ ተዛወረ፣ በኮምፒውተር። ለልጅቱ ቀላል አይደለም፤ ረቡዕ ማታ የምትተኛው እኩለ ሌሊት አካባቢ ነው። ይህን ለአባቷም ለእሷም ነግሬያቸዋለሁ፤ አሥራ አምስት ዓመት የእንቅልፍ ዕድሜ ነው፣ ሁለቱን ጥቅም ለማስታረቅ ሦስተኛውን መስረቅ አይገባም። ወንድሜ ከሦስቱ ቅዳሜዎች አንዱን ነፃ እንዲያደርጉላት ከአስተማሪዋ ጋር ሊነጋገር ነበር። የቪዮላው የኪራይ ውል የሚያልቀው በሰኔ ነው፤ ዋናው ውሳኔ ያኔ ይሁን ተባለ።

ባለፈው ሳምንት ደወልኩለት። ውሉን ለአንድ ዓመት እንዳደሰው፣ ኦርኬስትራው ደግሞ ለሚቀጥለው ወቅት «ስትረም»ን እንደመረጠ ነገረኝ።

«ሒሳቡስ?» አልኩት።

«እሱንም አለቀቅንም» አለኝ።